መጀመሪያ የሌለው ፊርማ

ጥቅምት 9 ቀን

ለምወድህ የእህቴ ልጅ፣ ለጥንቸሌ፤

ይህች ወረቀት ካለህበት ደርሳ በጤናህና በሥራህ ላይ እንድታገኝህ እመኛለሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ሰባ አንድ ዓመት ስላገለገለኝ አልቀየመውም።

ጡረታ ወጥታ አርፋለች እያልክ ለሰው ታወራለህ አሉ። አላረፍኩም። ባለፈው ወር የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሴቶች መጡብኝ። ያው እኔ ሠላሳ አራት ዓመት አንሶላ ያጠብኩበት ክፍል ነው። ቤቴ ጠባብ ስለሆነች ግማሾቹ አልጋዬ ላይ፣ ግማሾቹ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ውሃ የሚያፈላው ቦይለር አርጅቷል። በመገጣጠሚያው እንፋሎት ይተፋል፤ ዓምና የልብስ ተኳሿን ክንድ ከክርኗ እስከ አንጓዋ ልጦታል። ለኃላፊው ሲነግሩት «በጨርቅ እሰሩት» አላቸው። ቦይለሩን ነው እንጂ ክንዷን እንኳ አላለም።

ማመልከቻ ጻፍን። ፊርማውን እንደ ድሮዬ አስፈረምኩ። ታስታውስ እንደሆን ወረቀቱ ላይ ሳህን ደፍቼ ዙሪያውን በእርሳስ አሰምራለሁ፤ ሁሉም ወረቀቱን እያዞሩ በመስመሩ ላይ ይፈርማሉ። ሲያልቅ ክብ ይሆናል። ማን ፊተኛ፣ ማን ኋለኛ እንደሆነ እንኳን አለቃ ፈራሚዋም አታውቀው። ድሮ አንዱ አለቃ ከየት እንደሚጀምር ጠፍቶት ወረቀቱን እንደ መኪና መሪ ሲያዞር በሳቅ ልንሞት ነበር። መፍራቱንስ ፈርተን ነበር፣ ግን ሳቅን።

ሃያ ስድስት ሴቶች ፈረሙ። «አንቺ ካልፈረምሽ እጃችን አይነሳም» ስላሉኝ እኔም ሃያ ሰባተኛ ሆንኩ። ለአስተዳደሩ ያስገባነው በታይፕ የተመታውን ማመልከቻ ብቻ ነው፤ ስም የለበትም። ስም ያለበትን ወረቀት እዚህ ማስቀመጥ ፈራሁ። ከደጃፌ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አንድ ሰውዬ ሰሞኑን ጋዜጣ ያነባል። አንድ ገጽ ለማንበብ ይህን ያህል ቀን የሚፈጅበት ሰው አይቼ አላውቅም።

ስለዚህ ለአንተ ልኬዋለሁ። መጽሐፍ ጠራዥ ነህ፣ ወረቀት ታውቃለህ። አትጠፈው፣ እርጥበት አታስነካው። ስጠይቅህ ትመልስልኛለህ። ስልክ አትደውል፤ በባለሱቁ ስልክ ላይ የምሰማው እኔ ብቻ አይመስለኝም። ገንዘብም አትላክ። ይልቅ የማንበቢያ መነጽር፣ ቁጥር ሦስት፣ ሰው ሲመጣ ስደድልኝ።

ፈጣሪ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ።

አክስትህ

ኅዳር 2 ቀን

ለምሳሳልሽ አክስቴ፤

እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ? እኔ ደኅና ነኝ ብዬ መጻፍ ነበረብኝ፤ ደኅና ግን አይደለሁም። ፖስታውን ከፍቼ ክቡን ሳይ ከሥራ ጠረጴዛዬ ላይ አንስቼ ሸሚዜ ውስጥ ከተትኩት። ማንም አላየኝም፤ ግን ቀኑን ሙሉ የታየሁ መሰለኝ።

አንቺ ሳህኑን ታስታውስ እንደሆን ትይኛለሽ። እኔ የማስታውሰው ከሳህኑ በፊት የነበረውን ዝርዝር ነው። ከላይ ወደ ታች የተጻፈውን፣ ላይኛው ስም ያንቺ የሆነውን። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሦስት ሰዎች መጥተው «ለአንድ ጥያቄ ነው» ብለው ወሰዱሽ፤ ጥያቄው አሥራ አራት ወር ፈጀ። እኔ ጎረቤት ቤት አገጬን መስኮት ላይ አስደግፌ እጠብቅሽ ነበር። መስኮቱ ዝቅ ያለ ስለነበር የሚታየኝ የሰው እግር ብቻ ነው፤ በዚያ መንገድ የሚያልፈውን ጫማ ሁሉ ለይቼ አውቅ ነበር። ስትመለሺ ሁለት ጥርስ አልነበረሽም። ማን እንደሆንሽ ጠፍቶኝ ከበሩ ኋላ ተደበቅኩ። ይህን ተነጋግረንበት አናውቅም።

አሁን አርባ አራት ዓመቴ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ሳገኝ ፍርሃቱ ያልፍልኛል ብዬ አሥራ አንድ ዓመት ጠብቄያለሁ፤ አሁንም በር ሲንኳኳ መብራት አጠፋለሁ። እባክሽ አክስቴ፣ ይብቃሽ። ለቦይለሩ የሚያስቡ ወጣቶች አይጠፉም። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ እኔ ደግሞ እናት ሆና የቀረችልኝ አንቺ ነሽ።

ወረቀቱ ደኅና ቦታ ነው። መነጽሩን ገዝቻለሁ። ጋዜጣ አንባቢው አሁንም አለ? ጻፊልኝ። ባትጽፊልኝም ይሻለኝ ይሆናል፣ እኔ እንጃ።

ሳስብሽ የምውለው

የእህትሽ ልጅ

ታኅሣሥ 20 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

ሰላምህ ይብዛልኝ፣ ቤትህ ይሙቅልህ። ዘገየሁብህ፤ ተቀይሜ አይደለም። መልስ ልጽፍልህ ብዕር አነሳና አስቀምጣለሁ። ያን መስኮት አላውቀውም ነበር። ማንም አልነገረኝም።

አንድ ነገር ልንገርህ። ጀግና ናት ሲሉኝ ሰምተህ ከሆነ ውሸት ነው። ያን ዝርዝር ቀድሜ የፈረምኩት ከድፍረት ሳይሆን ከኩራት ነው። ሌሎቹ ሲያመነቱ «አምጡት ወዲህ» ብዬ በትልቁ ፈረምኩ። ሲያዙ ከኔ በታች ያሉት ሁሉ «እሷ ናት ያመጣችው» ብለው ወጡ። አልፈርድባቸውም፤ ዝርዝሩ ራሱ እንደዚያ ይል ነበር። አሥራ አራት ወር ቁጭ ብዬ ያሰብኩት ይህንኑ ነው። ሰው የሚፈራው ብቻውን መቅረቱን ነው። ፍርሃት አይጠፋም። ግን እንደ ራሰ አንሶላ ነው፤ አንዷ ብቻዋን ልጭመቀው ብትል ወገቧ ይቆረጣል፣ ሁለት ሆነው ጫፍና ጫፉን ይዘው ቢጠመዝዙት ውሃው ይወጣል። ሌላ ትምህርት የለኝም። ከአከራዮቹ ጋር ስንሟገትም፣ ለመንገድ ጠራጊዎቹ ጓንት ስንጠይቅም የሠራሁት በዚችው ነው።

ወደ ጉዳዩ ልምጣ። ማመልከቻው ከገባ በኋላ አራቱ በጥርጣሬ ብቻ ከሥራ ተባረዋል፤ ሁለቱ ወደየዘመዳቸው ሄደው አድራሻቸው እንኳ ጠፍቶኛል። አንድ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ጉዳዩን ሊሰማ ለጥር 25 ቀጥሯል። ኃላፊው «ማንም አልጠየቀም፣ አንዲት ጡረተኛ የፈጠረችው ወሬ ነው» ብሎታል። ተቆጣጣሪው ደግሞ «ዋናውን ፊርማ አሳዩኝ፣ ስማቸው ከእኔ አይወጣም» አለኝ። ይውጣ አይውጣ ማን ያውቃል፤ ግን ክብ ነው። ሴቶቹን ጠየቅኳቸው፣ «ይምጣ» አሉ። እንደገና እንፈርም ብላቸው ግን «አንዴ የፈረመች እጅ ሁለተኛ አትነሳልንም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

ስለዚህ ወረቀቱን በአደራ ደብዳቤ ላክልኝ፣ ቶሎ። መነጽሩ ይቆይ።

ጋዜጣ አንባቢው ሄዷል። አሁን ሌላ ሰው ተተክቷል፤ ይኼኛው ጋዜጣም አይዝ።

ሌት ተቀን የምትመርቅህ

አክስትህ

ጥር 6 ቀን

አክስቴ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። እኔ ደኅና ነኝ።

ወረቀቱ በአደራ ተልኳል። እንዳይታጠፍ በሁለት ካርቶን መሃል አድርጌዋለሁ። ስትከፍቺው አትቆጪ፤ ብዙ አስቤበት ነው። አንቺ ጡረተኛ ነሽ፣ ከሃያ ስድስቱ አትቆጠሪም። እነሱን ብዛታቸው ይጠብቃቸዋል። ኃላፊው የሚፈልገው አንቺን ብቻ ነው፤ ሲፈልግሽ ይጣሽ።

ሌላ ምንም አልልም። እዚህ ብርድ ነው። ሥራ በዝቶብናል፣ የሕግ መጻሕፍት እየጠረዝን ነው፣ ጀርባቸው ሁሉ ቀይ። አለቃዬ ምላጭ አያያዝህ ይደነቃል ይለኛል።

ራስሽን ጠብቂልኝ።

የእህትሽ ልጅ

ጥር 22 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

የዛሬው ሰላምታ አጭር ነው፣ ቻለው።

ካርቶኑን የከፈትነው ሦስት ሆነን ነው፤ እኔ፣ ልብስ ተኳሿና አንሶላ አጣፊዋ። ስሜ የነበረበት ቦታ ቀዳዳ ሆኗል። አራት ማዕዘን፣ ጠርዙ የተስተካከለ። ጎበዝ ጠራዥ መሆንህን አየሁ።

ምን እንዳደረግክ ታውቃለህ? ስሜን አወጣህ፤ ክቡ ግን ተከፈተ። አሁን መጀመሪያ አለው። ከቀዳዳው በስተቀኝ ያለችው ተኳሿ ናት። ወረቀቱን አየችው። ከዚያ ጣቷን ከቀዳዳው አጠገብ አሳረፈችና ራሷን «አንድ» ብላ ቆጠረች። ሁለት ልጆች አሏት፣ አባት የላቸውም። ያን የተላጠ ክንዷን በነጠላዋ ጠቀለለችው። አጣፊዋ ደግሞ በወዲያኛው ጫፍ የመጨረሻ ሆና ተገኘች፤ ፊቷ ላይ እፎይታ አየሁ፣ እሷም ማየቴን አይታ አፈረች። ስንት ዓመት አብረው አንሶላ የጨመቁ ሴቶች ናቸው። በአንዲት ምላጭ ፊትና ኋላ አሰለፍካቸው። ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይኼ ነው።

ተቆጥቻለሁ። ሰድቤሃለሁም፣ ወረቀት ላይ የማይሰፍር ስድብ። ከዚያ ሴቶቹ ሲሄዱ ቀዳዳውን ደግሜ አየሁት። ከጎኔ የፈረመችውን ሴት የፊርማ ጭራ እንኳ አልነካህም። እንዲህ ተጠንቅቆ የቆረጠው ያ አገጩን መስኮት ላይ ያስደገፈው ልጅ ነው ብዬ አለቀስኩ። ለእሱ ደብዳቤ መጻፍ ይቻል ቢሆን ጥፋቱ የኔ ነው እለው ነበር።

ቀጠሮው ከሦስት ቀን በኋላ ነው፤ የተበተኑትን መሰብሰብ አይቻልም። ስለዚህ ከጀርባው ወረቀት በዱቄት ሙጫ ለጠፍኩና በቀዳዳው ቦታ እንደገና ፈረምኩ። የድሮው ወረቀት ቢጫ ነው፣ የለጠፍኩት ነጭ። እጄም አልታዘዘኝም፣ ፊርማዬ ከሁሉም ወፍሮ ወጣ። ክቡ ሞልቷል፤ ከሩቅ የሚታየው ግን የኔ ስም ብቻ ነው። ተኳሿ ሰምታ ተመልሳ መጣችና «አይሆንም፣ ቀዳዳው ይሻል ነበር» ብላ ወረቀቱን ልትነጥቀኝ ታገለች። «አንቺ ልጆችሽን ያዢ፣ እኔ ጉልበቴን እይዛለሁ» አልኳት። አልሳቀችም።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። ጥንቸሌ፣ ፈርቻለሁ። ለሃያ ሰባት የሚካፈለው ፍርሃት አሁን እኔ ቤት ብቻ የገባ ይመስለኛል። ያኔ ምን እንደሚመጣ አላውቅም ነበር፤ አሁን አውቀዋለሁ፣ ማወቁም አይሻልም። ቢሆንም እሄዳለሁ። ያ ቦይለር አንድ ቀን ሰው ይበላል።

አልረገምኩህም። ይህን ብቻ በደንብ አንብብልኝ።

አክስትህ

የካቲት 4 ቀን

አክስቴ፣ አክስቴ፤

ደብዳቤሽ ዛሬ ደረሰኝ። ቀጠሮው ካለፈ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል። እንዳትሄጂ ብዬ ልለምንሽ ነበር፤ ለማን ብዬ ነው የምለምነው?

አትደውል ብለሽኝ ነበር፤ ደወልኩ። ባለሱቁ አነሳ። ድምፄን ያውቀዋል። «አክስቴ አለች?» አልኩት። «ተሳስተዋል» ብሎ ዘጋው። አንተ እያለኝ ያደግኩት ሰውዬ «ተሳስተዋል» አለኝ።

የቆረጥኩት ቁራጭ እኔ ዘንድ ነው። በኪስ ቦርሳዬ ይዤው እዞራለሁ። መልሼ ልስፋው ብል የምችል ሰው ነኝ፤ የተቀደደ ገጽ መቀጠል ሥራዬ ነው። ለምን ቁራጩን ላክልኝ ብለሽ አልጻፍሽልኝም፣ ለምንስ እኔ ከመቁረጤ በፊት አልጠየቅኩሽም? ለመጠየቅ ፈራሁ። አይሆንም እንዳትይኝ ፈራሁ።

አለሁ ብቻ በይኝ። ሌላ አትጻፊ። አንድ ቃል ይበቃኛል።

የእህትሽ ልጅ

የካቲት 28 ቀን

ለማላውቅዎት ወንድሜ፤

እንደምን ከረሙ? በእኛ በኩል ስላለው ሁሉ ተመስገን ማለት ልማድ ነውና ተመስገን። እኔ ልብስ ተኳሿ ነኝ። ለአክስትዎ የጻፉት ደብዳቤ በበሯ ሥር ገብቶ አገኘሁትና ከፈትኩት። ይቅር ይበሉኝ።

በቀጠሮው ቀን ሁላችንም ሄድን፣ እዚህ ያለነው ሃያ አራታችን። ተቆጣጣሪው ፊርማውን ቆጥሮ ተቀበለ፤ ቦይለሩ ይቁም ብሎም በጽሑፍ አዘዘ። በማግስቱ ቆመ። ጩኸቱ ሲጠፋ ለጆሯችን እንግዳ ነገር ሆነብን፤ አጣፊዋ ተቀምጣ አለቀሰች።

ኃላፊው ግን ወረቀቱን ከተቆጣጣሪው ጠረጴዛ ስቦ የተለጠፈውን በጣቱ እየነካ «ይህ ስም ኋላ የገባ ነው፤ ሰነዱ ተቆርጦ ተቀጥሏል፤ የዚህ ሁሉ ጠንሳሽ እሷ ናት» አለ። ስንወጣ በሩ ላይ ሁለት ሰዎች ቆመው ነበር። እኛ ከበብናት። እሷ ራሷ «ልቀቁኝ፣ ልጆች አሏችሁ» ብላ በመሃላችን አልፋ ሄደች። ክሱ ሰነድ ማጭበርበር ነው። ከታሰረች ይኸው ሠላሳ ሦስት ቀን ሆናት።

አንድ ጊዜ ልብስ ሳስገባ አይቻታለሁ። ከስታለች። ወረቀቱን ማን ቆረጠው እያሉ ይጠይቋታል፤ «እኔ ነኝ፣ በመቀስ» ትላቸዋለች። መቀስ እንደዚያ እንደማይቆርጥ እኔም አውቃለሁ፣ እነሱም ያውቃሉ። ጠበቃዋ የሚለው፣ የቆረጠው ሰው ባለበት አገር ቆንስላችን ፊት ቀርቦ እኔ ነኝ ብሎ ቢፈርምና ማኅተም ቢያርፍበት ክሱ ይወድቃል ነው።

ይሂዱ አልልዎትም። ቆንስላ መግባት እንደርስዎ ሸሽቶ ለወጣ ሰው ምን እንደሆነ ሰምቻለሁ። እሷም «እንዳትነግሪው» ብላ አስምላኛለች። እኔ ግን በመሐላዬ ላይ ለሁለት ቀን ልብስ ስተኩስ አሰብኩና ነገርኩዎት። ስድስት አንሶላ አቃጠልኩ።

እርስዎንም እሷንም በሰላም ይመልሳችሁ።

ልብስ ተኳሿ

መጋቢት 17 ቀን

ለእህቴ፣ ለልብስ ተኳሿ፤

ክንድዎ እንዴት ነው? ልጆችስ? ነገሩኝ እንጂ መሐላዎን አላፈረሱም፤ የፈረሰውን የጠገኑት ነው የሚመስለኝ።

ይህን የምጽፈው ቆንስላው መጠበቂያ ክፍል ተቀምጬ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚህ ሕንፃ ፊት ላለማለፍ ሁለት መንገድ እዞር ነበር። ውስጡ ምንም የሚያስፈራ ነገር የለውም፤ የፕላስቲክ ወንበር፣ የቆመ ሰዓት፣ ባለ መስታወት መስኮት፣ በስተግራ አንድ ግራጫ በር። ቅጹ ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የቤት አድራሻ፣ የሥራ ቦታ ይጠይቃል። ሁሉንም ሞላሁ። ስሜን እንዲህ በትልቁ ጽፌ አላውቅም።

ቃሌን በሦስት ቅጂ አዘጋጅቻለሁ። እንዲህ ይላል፦ «አክስቴ በራሷ እጅ የፈረመችውን ስም ከወረቀቱ ላይ በምላጭ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። አላዘዘችኝም፣ አላወቀችም። ኋላ የተለጠፈው ፊርማ ፊትም የነበረ ነው፤ ማስረጃውም ይኸው።» ቁራጩን ከመጀመሪያው ቅጂ ጋር አያይዤዋለሁ።

ደፍሮ ሄደ ብለው እንዳይነግሯት። እዚህ ከተቀመጥኩ ሽንት ቤት ሁለቴ ሄጃለሁ። ሃያ ስድስቱን ሴቶች አንድ በአንድ ባላውቃችሁም አጠገቤ እንዳላችሁ ላስብ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። አጠገቤ ያለችው ለልጇ የልደት ወረቀት ልታወጣ የመጣች ሴት ናት። ፖስታውን ቴምብር ለጥፌበት ለእሷ እሰጣታለሁ። ከወጣሁ እቀበላታለሁ፣ ካልወጣሁ ትልክልኛለች። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም፤ እሺ ብቻ አለችኝ።

የኔ ቁጥር ሠላሳ አንድ ነው። አሁን ሃያ ዘጠኝን ጠሩ። አክስቴን ሲያገኟት ተቀይሜሻለሁ ይላል ይበሏት፤ መቀስ ብላ መዋሸቷ አሳፍሮኛል፣ ጠራዥ በመቀስ አይቆርጥም። ትስቅ ይሆናል።

ሠላሳን ሳይጠሩ ወደ እኔ ዘለሉ። ቻው እህቴ።

የእህቷ ልጅ

ከዚህ በታች ያለውን የጻፍኩት አጠገቡ የተቀመጥኩት ሴት ነኝ። ሦስቱም ወረቀቶች ላይ ማኅተም ሲመቱለት በመስታወቱ አይቻለሁ። አንዱን ለእሱ ሰጡት፤ እሱም ዞሮ በሰው እጅ አቀብሎኛል፣ እዚሁ ፖስታ ውስጥ አድርጌዋለሁ። ከዚያ በግራጫው በር ወደ ውስጥ ጠሩት። እስኪዘጉ ጠበቅኩ፣ አልወጣም። ዘበኛውን ስጠይቀው ሁሉም ሄዷል አለኝ። ምናልባት ሌላ በር ይኖራቸው ይሆናል።